ዳታ ስትራክቸር የደገመች ልጅ

ሞላሌ ገበያ ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ያለችው የቆርቆሮ ቤት የእኔ ናት። ታፔላዋ «ወንድምአገኝ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ፣ ፈጣንና ጥራት ያለው» ይል ነበር። «ፈጣንና» የሚለውን ነፋስ ነቅሎ ስለወሰደው አሁን ማንም ዘገየህ ብሎ አይከሰኝም። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፣ ለተማሪ ቅጽ እሞላለሁ። ባለፉት ዓመታት ስንትና ስንት ወረቀት ከዚህች ቤት ወጥቷል፤ አገሩ ግን የሚያነሣብኝ አንዲት የጥሪ ካርድ ብቻ ናት። እሷን ካነሣሁ ደግሞ ስለ እየሩስ ማውራቴ የግድ ነው።

እየሩስ የየኔታ ወልደ ጻድቅ የመጨረሻ ልጅ ናት። የኔታ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባለው ደብር ንባብና ዳዊት ያስተምራሉ። እኔንም ያስተምሩኝ ነበር። ዳዊት የሚጸለየው ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ነውና፣ የረቡዕ ላይ ስደርስ ሰለቸኝና ጥዬ ወጣሁ። ይኸው ጢም አብቅዬም «ረቡዕ ላይ የቀረው» ነው የሚሉኝ። እየሩስ ግን በዘጠኝ ዓመቷ ዳዊት ደገመች። የቤተ ክህነትን ትምህርት ለማያውቅ ሰው፣ ዳዊት ደገመ ማለት መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር ተምሮ ጨረሰ ማለት ነው። ሙክት ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ መምህሩ ይመርቃሉ። የእሷ መምህር አባቷ ስለነበሩ፣ የኔታ ራሳቸው ደግሰው፣ ራሳቸው ተጋብዘው፣ ራሳቸው መረቁ እየተባለ ብዙ ተሳቀ።

ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ዘንድ እየመጣች መተየብ ጀመረች። አጭር ናት፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግትርነቷ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። የሠርግ ካርድ በእሳቱ ሰ ጽፌ ካገኘችኝ፣ በንጉሡ ሠ ካልተስተካከለ አላትምም ትላለች፤ ያውም ሙሽራው ቆሞ እየጠበቀ። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ እኔ ጎኑን በጥፊ እለዋለሁ። እሷ ደግሞ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። እንዲህ ያለ ሰው የሚሻለው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው ብዬ ለየኔታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ገባች። የመጀመሪያውን ዓመት እንደማንኛውም አዲስ ተማሪ ሎጂኩንም፣ ሳይኮሎጂውንም፣ ሂሳቡንም ተማረችና የትምህርት ክፍል መምረጫው ሲመጣ ኮምፒውተር ሳይንስ ሞላች። ለመመረቅ የሚያስፈልጉትን ኮርሶች ዝርዝር ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ለአባባ አትምልኝ ብላ። የኔታ በርኖሳቸውን ደርበው መጡና ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብን።

የኔታ የአስኳላ ትምህርት እንደ ገበያ ሁሉም ከፊቱ ያገኘውን የሚያነሣበት ይመስላቸው ነበር። ዝርዝሩ ግን ሥርዓት ነበረው። በየኮርሱ ትይዩ፣ ከእሱ በፊት የትኛው ኮርስ መታለፍ እንዳለበት ተጽፏል። ፕሮግራሚንግ ያላለፈ ዳታ ስትራክቸር አይገባም፤ ዳታ ስትራክቸር ያላለፈ አልጎሪዝም አይገባም፤ እንዲህ እያለ እስከ መመረቂያ ፕሮጀክቱ ይዘልቃል። ያ ሁሉ አልቆ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ እሱን ያላለፈ ዲግሪ የለውም። የኔታ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ይሄማ ማስመስከር ነው፣ የእኛም ሰው ቢማር ቢማር ካላስመሰከረ መምህር አይባልም አሉ። ቀጥለውም ከዚህ ሁሉ ዋናው በር የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ።

ዝም ብዬ ባሳያቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እኔ ግን አፌ አያርፍም።

«ዳታ ስትራክቸር የኮምፒውተር ዳዊት ነው፣ የኔታ» አልኳቸው። «እሱን ያልደገመ ወደ ላይ አይወጣም።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም የተናገርኩት ነገር አምሮልኝ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ። ያላልኳቸው ነገር ቢኖር ዳታ ስትራክቸር እኔኑ ራሴን እንደጣለኝ ነው። ከዓመታት በፊት እዚያው ትምህርት ክፍል ገብቼ፣ እዚያው ኮርስ ላይ ኤፍ አግኝቼ፣ ዕቃዬን ሸክፌ መጥቻለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ትምህርቱ አልተስማማኝም እላለሁ፤ የባቄላ ሾርባ ይመስል።

ዝርዝሩ በየኔታ ቤት ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተለጠፈ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኔታ በቃላቸው ያዙት። ከደብሩ ሲመለሱ «ዲስክሪት ማቲማቲክስ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም» እያሉ ሲያዜሙ የሰማ ሰው አዲስ ድርሰት መስሎት ነበር። ባለቤታቸው እማማ አመተሥላሴ ደግሞ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ልጄ አሁን የምትማረው በግድግዳው ላይ ከላይ አሥራ አራተኛውን ነው» ይላሉ።

አሁን ወደ እየሩስ። እየሩስን የጣላት ስንፍና አልነበረም። ያሳደጋት ትምህርት ነው የጣላት። ከፊደል ጀምሮ የተማረችው በቃል በመያዝ ነውና ፕሮግራሚንግንም እንደዚያው ያዘችው። መምህሩ የሰጡትን ጥራዝ ከነቅንፉ፣ ከነነጠላ ሰረዙ፣ መምህሩ ከተሳሳቱት ስህተት ጋር ሸመደደችው። የመጀመሪያው ኮርስ በዚህ መንገድ አለፈ፤ ጥሩ ውጤት አምጥታ ጓደኞቿን አስደነቀች። ዳታ ስትራክቸር ላይ ግን ፈታኙ ጥራዙ ውስጥ የሌለ ነገር ጠየቀ። አንድ የዳታ ሰንሰለት ሰጥቶ መካከሉ ላይ አዲስ ነገር ጨምሪ አላት። የያዘችውን ሁሉ በልቧ አገላበጠችው፤ የለም። ወረቀቱን ባዶውን አስረከበች።

ኤፍ መጣ። ኤፉ ብቻውን አልመጣም፤ ከእሱ በኋላ የሚከተሉትን ኮርሶች ሁሉ ቆለፈባት። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። አብረዋት የገቡት ሁሉ ወደፊት ሲሄዱ እሷ ከታናናሾቿ ጋር ልትቀመጥ ነው። ሁለት ቀን አልቅሳ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ደወለች። የኔታ ኔትወርክ ፍለጋ ከደብሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው አነሡት።

«አባባ፣ ዳታ ስትራክቸርን ልደግም ነው» አለቻቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ» አሉ የኔታ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እሷ የመሰላት አባቷ ሊያጽናኗት ብለው ነው። ኔትወርኩ መቋረጡንም እንደ ምሕረት ቆጠረችው።

በማግሥቱ የኔታ አዲስ ጥምጥም ጠምጥመው ሱቄ መጡ። የጥሪ ካርድ እንድጽፍላቸው ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ እየሩስ ለዕረፍት ስትመጣ ይደግሳሉ። ተቀምጠው አስጻፉኝ፤ «ልጃችን እየሩስ ወልደ ጻድቅ ዳታ ስትራክቸርን ስለደገመች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤታችን ተገኝተው ጸበል ጻድቅ እንዲቀምሱልን» የሚል።

ጣቴ ፊደሉ ላይ ቆመ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደገመ ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። የኔታ ግን እንደዚያ ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም፤ ያንን ፊት የማጠፋው እኔ መሆን ፈራሁ። ልክ ነው፣ ፈሪ ነኝ። መጀመሪያም ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። «ለማንኛውም የኔታ» ብዬ ቃል ልጀምር ስል፣ «ጸበል»ን በጸሎቱ ጸ ጻፈው ብለው አቋረጡኝ። ጻፍኩት። ዳር ዳሩን አበባ አደረግኩበት። አርባ ኮፒ አተምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡሱ ሲገባ እየሩስ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ሰላምታዋ አጭር ነበር። ፍላሽ አውጥታ ሰጠችኝና አንድ ገጽ አትምልኝ አለች። ስከፍተው ትምህርት ለማቋረጥ የሚሞላ ቅጽ ነው። ስሟንና ምክንያቱን ጽፋዋለች፤ የቀረው ፊርማዋ ነው። ትምህርቱ አልሆነኝም፣ ከአንተ ጋር ሱቁን እሠራለሁ፣ አንተም ብቻህን ነህ አለችኝ። ልሳቅ ወይስ ልቆጣ አላወቅኩም። ከእኔ የተሻለ ታይፒስት አገኘሁ ብዬ ልደሰት ይገባኝ ነበር፤ ግን ደስ አላለኝም። ቅጹን ከማተሚያው አውጥቼ ስሰጣት ከካርዱም አንዱን ጨምሬ ሰጠኋት።

አንድ ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። «ስለደገመች» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መልኩን ለወጠና ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ ጥግ ላይ የተጣለውን አሮጌ ማተሚያ ማጽዳት ጀመርኩ።

ስትነሣ ቅጹን አጥፋ ጃኬቷ ኪስ ከተተችው። ነገ በሰው ፊት እነግራቸዋለሁ፣ ከድግሱ በኋላ እፈርመዋለሁ አለችና ሄደች።

እሑድ የየኔታ ግቢ ሞልቶ ነበር። የገብስ ጠላው ደርሷል፣ ሙክቱ ታርዷል፣ ካህናቱ ከላይ ተቀምጠዋል። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት የኔታ ተነሡና ልጃቸው ያለፈችበትን መንገድ ለእንግዳው ሊያስረዱ የኮርሶቹን ዝርዝር በቃላቸው ያወርዱት ጀመር። የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሰው ሁለተኛው ውስጥ ገቡ። የእርሻ ጎረቤታቸው አያ ዳኜ ነገሩ ጸሎት ስለመሰለው በየኮርሱ መጨረሻ አሜን ይላል። የኔታም ደስ እያላቸው ይቀጥላሉ። ዳታ ስትራክቸር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እየሩስ ከእናቷ ጎን ተነሥታ ቆመች።

«አባባ፣ እዚያ ቤት መድገም ማለት መጨረስ አይደለም። ወድቄ ነው። ወድቄ ኮርሱን እንደገና ውሰጂ ተብዬ ነው።»

የአያ ዳኜ አሜን ጉሮሮው ላይ ቀረ። እማማ አመተሥላሴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቄሶቹ መሬት መሬት አዩ። የኔታ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና እውነት ነው ወይ አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። ካርዱን ስትጽፍ ታውቅ ነበር አሉኝ። አውቅ ነበር አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

«አንተን በኋላ» አሉኝ።

ከዚያ ልጃቸውን አዩዋት።

«እኔ ዛሬ ጧት ዳዊት ደግሜያለሁ» አሉ። «ትናንትም ደግሜያለሁ። ይኸው ስደግም አርባ ሦስት ዓመቴ። አንድም ሰው ወድቀህ ነው ወይ ብሎኝ አያውቅ።» ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። «በስልክ ልደግም ነው አልሽኝ። ልተው ነው አላልሽኝም። እኔም የደገስሁት ላልሽው ነው። በሉ ጠላውን ቅዱ።»

ቤቱ ተነፈሰ። አያ ዳኜ የቀረበትን አሜን ጨረሰው። እኔ ግን የማየው እየሩስን ነበር። ልተው ነው አላልሽኝም ሲሏት እጇ ሳታውቀው የጃኬቷን ኪስ ከደነ። እዚያ ውስጥ ያለውን ወረቀት ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ እጇን ከኪሷ ላይ አላነሣችም።

ሰኞ ሱቄን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። ቅጹን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፤ በጀርባው። ጀርባው ትንንሽ ሳጥኖችና ቀስቶች ሞልተውበታል። ጧት የኔታ ዳዊታቸውን ከደገሙ በኋላ ጠርተው የጣለሽ ነገር ምን እንደሆነ አሳዪኝ ብለዋታል። ሌላ ወረቀት ስላልነበራት በዚሁ ጀርባ ላይ ሣለችላቸው። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ነገርና የሚቀጥለውን ሳጥን አድራሻ ብቻ ይይዛል አለቻቸው። የኔታ ትንሽ አይተው፣ ይሄማ የጽዋ ማኅበር ነው አሉ። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በዚህ ወር እኛ ብናወጣው ከእኛ የሚረከበውን እናውቃለን፤ እሱ ደግሞ ከእሱ የሚረከበውን ያውቃል። አዲስ ማኅበርተኛ በመካከል ቢገባስ ብለው ጠየቋት። እሷም ማኅበርተኛው ይታየው ለአዲሷ ለምሥራቅ ያስረክባል፣ ምሥራቅ ደግሞ ቀድሞ የይታየው ተረካቢ ለነበረችው ለጌታነሽ ብላ ሁለት ቀስት ሣለች። ስታበቃ ቀስቶቹን አፍጥጣ አየቻቸው። ፈተናው ላይ ባዶውን ያስረከበችው ጥያቄ ይሄው ነበር።

ሴሚስተሩን ሙሉ በቃሌ ይዤው ነበር፣ የገባኝ ግን አሁን ነው አለችኝ። ቅጹን ልቅደደው ወይ ብላት ተቆጣች፤ ሥዕሉ ያስፈልገኛል አለች። አጥፋ ይዛው ሄደች።

ኮርሱ እስኪከፈት የማይከለክሏትን ኮርሶች ወሰደች፤ ዓመቱ ዞሮ ዳታ ስትራክቸርን ከታናናሾቿ ጋር ተቀምጣ ደገመች። በዩኒቨርሲቲውም በየኔታም ቋንቋ ደገመች። አልጎሪዝሙም ተከፈተ፣ ኮምፓይለሩም ተከፈተ። ኢንተርንሺፕ ወጣች። የመመረቂያ ፕሮጀክቷ አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ቦታቸውን ሲስቱ ከሥራቸው በቀይ የሚያሰምር ፕሮግራም ነው። አንዱን ለእኔ ጫነችልኝ፤ የምጽፈው ሁሉ ቀይ በቀይ ሆኖ ይኸው እስከ ዛሬ ያሳቅቀኛል። የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው አለፈች። የኔታ አስመሰከረች አሉ እንጂ አልደገሱም። እማማ አመተሥላሴ ቅር ቢላቸው፣ ድግሱንማ ቀድሜ ደግሻለሁ ብለው መለሱላቸው።

ባለፈው ክረምት የኔታ የውጤቷን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ዝናብ እየወረደባቸው መጡ። ግድግዳው ላይ በአሮጌው ዝርዝር ቦታ የሚለጠፍ ነውና አጉላው አሉኝ። ማሽኑ ላይ ሳስተካክል ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። ከዳታ ስትራክቸር ጎን አንዲት «አር» የምትል የፈረንጅ ፊደል አለች። ይቺ ምንድን ናት አሉኝ። ኮርሱን የደገመች መሆኗን የምታሳይ ናት አልኳቸው።

«እሷን አጉላት» አሉኝ።

አንዲት ፊደል ለይቶ ማጉላት አይቻልም ብዬ ሁሉንም በትልቁ አተምኩላቸው። በርኖሳቸው ሥር ሸጉጠው እስከ በሩ ሄዱና ቆሙ። ያኔ አንተን በኋላ ብዬህ ነበር አሉኝ። ቁጣው አሁን መጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አንተን የጣለችህ ኮርስ የትኛዋ ናት ብለው ጠየቁኝ። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። እሷው ናት የኔታ አልኳቸው። ልክ እንደሚያውቁት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ ረቡዕ ላይ ስንት ዓመት ልትቀመጥ ነው» አሉኝና ወደ ዝናቡ ወጡ።

ሦስት ቀን ተናደድኩባቸው። በአራተኛው ቀን ሱቄን ቆልፌ በጧቱ መኪና ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ የእየሩስ እኩያ የምትሆን ልጅ ተቀምጣለች። ካሪኩለሙ ተለውጧል፣ የድሮ ኮርሶችህ አብዛኞቹ ላይያዙልህ ይችላሉ አለችኝ። ይሁን አልኳት። የዳግም ቅበላ ቅጹን አቀበለችኝና ምክንያት የሚለውን እንድሞላ ነገረችኝ። ለሰው ስሞላ ስኖር እጄ የማይሳሳተውን ቅጽ ይዤ ቆምኩ። ስዘገይባት ጊዜ ምን ልበልልህ አለችኝ።

«ልደግም ነው» አልኳት።